ስፒከር ሊገዙ ነው? አስቀድመው የሚያዳምጡትን ዘፈን ይወቁ

ስፒከር ሊገዙ ወደ ሱቅ ሲገቡ ሻጩ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚነግርዎ የዋቱን ቁጥር ነው። «ይኸኛው 300 ዋት ነው፣ ያኛው 1,000 ዋት ነው» ይልዎታል። ከዚያም ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚያበራውን ትልቁን ሣጥን ከፍቶ ሱቁን በቤዝ ያናውጠዋል። እርስዎም ደረትዎ ድረስ ሲሰማዎ «ድምፅ ማለት ይኼ ነው!» ብለው ዋጋውን በአሥር ታሽሉሚም አስከፋፍለው ወደ ቤት ይዘውት ይሄዳሉ። ቤት ደርሰው የሚወዱትን የማሲንቆ ዘፈን ሲከፍቱ ግን ዘፋኙ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚዘፍን ይመስላል። ቤዙ ይጮኻል፣ ቃሉ አይሰማም።

ሣጥኑ አልተበላሸም። ሻጩም ምናልባት አልዋሸዎትም። ችግሩ ሣጥኑ የተሠራው ለሌላ ዓይነት ሙዚቃ መሆኑ ነው። ለሬጌ የሚመች ስፒከር ለበገና ላይመች ይችላል፤ ለሠርግ አዳራሽ የተሠራው ለሳሎን አይሆንም። አሥር ወር የሚከፍሉበት ዕቃ ስለሆነ ከመክፈልዎ በፊት ይህን ጉዳይ አብረን ብናየው ይጠቅማል።

ዋት ምን ይነግረናል?

የዋቱ ቁጥር ስፒከሩ የሚችለውን የኤሌክትሪክ ኃይል እንጂ የሚያወጣውን ድምፅ አይለካም። ለሁለት ስፒከሮች እኩል አንድ አንድ ዋት ቢሰጣቸው፣ አንዱ ከሌላው እጅግ ጮኾ ሊሰማ ይችላል። ይህ ችሎታ በዕቃው ወረቀት ላይ በዴሲቤል ተጽፎ ይገኛል። ትርጉሙም አንድ ዋት ተሰጥቶት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ያሰማል ማለት ነው። በመደርደሪያ ላይ የሚቀመጡት ትንንሽ ስፒከሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ84 እስከ 88 ይሰጣሉ። እንደ መለከት አፋቸው የሰፋው የአዳራሽ ስፒከሮች 100ና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ እንዳይታይዎ። ድምፁን በ3 ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ ዋቱ እጥፍ መሆን አለበት፤ በ10 ዴሲቤል ከፍ ለማድረግ ደግሞ አሥር እጥፍ ያስፈልጋል። ጆሯችን ግን ያንን የ10 ዴሲቤል ጭማሪ የሚሰማው ሁለት እጥፍ ያህል አድርጎ ነው። ስለዚህ 96 ዴሲቤል የሚሰጠው ስፒከር በ50 ዋት የሚሠራውን፣ 86 የሚሰጠው ለመሥራት 500 ዋት ይፈልጋል። በሳሎንዎ ተቀምጠው ቡና እየጠጡ ሲያዳምጡ የሚጠቀሙት በአብዛኛው ጥቂት ዋት ብቻ ነው። ያ 1,000 የሚለው ቁጥር ለቤትዎ ምንም አይጨምርለትም።

በሣጥኑ ውስጥ ያለው

የዛሬዎቹን ስፒከሮች አሠራር መሠረት እ.ኤ.አ. በ1925 የጣሉት ቼስተር ራይስና ኤድዋርድ ኬሎግ የተባሉ የአሜሪካ መሐንዲሶች ናቸው። ነገሩ ቀላል ነው። በማግኔት መካከል የሽቦ ጥቅል አለ፤ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ጥቅሉ ወደፊትና ወደኋላ ይንቀሳቀሳል፤ ከእርሱ ጋር የተጣበቀውም ሾጣጣ ወረቀት አየሩን ይገፋል። የተገፋው አየር ድምፅ ሆኖ ወደ ጆሯችን ይደርሳል።

የሰው ጆሮ በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ ይህ መለኪያ ኸርዝ ይባላል። አንድ ሾጣጣ ወረቀት ይህን ሁሉ ብቻውን በደንብ ሊሠራ አይችልም። ወፍራሙን ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ስላለበት ሰፊ መሆን አለበት፤ ቀጭኑን ለማውጣት ደግሞ በፍጥነት መርገብገብ ስላለበት ትንሽና ቀላል መሆን ይገባዋል። ስለዚህ ሥራው ለሁለት ወይም ለሦስት ይከፈላል። ወፍራሙን የሚያወጣው ዉፈር፣ ቀጭኑን የሚያወጣው ትዊተር ይባላል። (ስማቸውን ያገኙት በእንግሊዝኛ የውሻ ጩኸትና የወፍ ድምፅ ከሚጠራበት ቃል ነው።)

እንግዲህ ሙዚቃው ከዚህ ከ20 እስከ 20,000 ካለው መሰላል በየትኛው ደረጃ ላይ ይቀመጣል ብሎ መጠየቅ ይገባል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ ገደማ ነው። የወንድ ድምፅ መሠረቱ ከ100 ኸርዝ አካባቢ፣ የሴት ከ200 አካባቢ ይጀምራል። ቃልን ከቃል የሚለዩት ተነባቢዎች ግን ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በብዛት ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ይያዙልኝ።

ለማሲንቆና ለክራር ዘፈን

ከራሳችን ዘፈን እንጀምር። አንድ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲዘፍን እጅግ ወፍራም የሆነ ድምፅ እምብዛም የለውም። ያለው የሰው ድምፅና የጭራ ክር ነው፤ ሁለቱም የሚኖሩት በመሰላሉ መካከል ነው። ደግሞም የአማርኛ ዘፈን በቃሉ የሚኖር ዘፈን ነው። «ቀዳ»ና «ከዳ»፣ «መጣ»ና «መታ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። «ቀ»ን ከ«ከ»፣ «ጠ»ን ከ«ተ» የሚለያት ደግሞ ከሰከንድ አሥረኛ ክፍል የምታንስ ፍንጣቂ ድምፅ ናት። ይህች ፍንጣቂ ከጠፋች ሰሙ ይደበዝዛል፣ ወርቁማ ከነጭራሹ አይገኝም። ሌላው ሰው ሲስቅ እርስዎ ምን ተባለ ብለው ጎረቤትዎን ይጠይቃሉ።

ቤዝ የበዛበት ሣጥን የሚያጠፋው ይህችኑ ፍንጣቂ ነው። ወፍራም ድምፅ ከበላዩ ያለውን ቀጭን ድምፅ የመሸፈን ጠባይ አለው፤ ቀጭኑ ግን ወፍራሙን ያን ያህል አይሸፍነውም። ስለዚህ ቤዙ ሲጨመር የሚጎዳው ቃሉ ነው።

ይህ ጉዳይ ለሽማግሌዎቻችን ከሁሉም ይበልጥ ከባድ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጆሮ አስቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። አያትዎ «ድምፁስ ይሰማኛል፣ ቃሉ ነው የማይገባኝ» ሲሉ ካዳመጡ፣ በትክክል የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ልጆችም እንዲሰሙ ብለው ድምፁን ይጨምሩላቸዋል፤ ቤዙ አብሮ ይጨምራል፤ ቃሉ እንደገና ይሸፈናል፤ እሳቸውም ራሳቸውን ያማቸዋል። መፍትሔው ድምፁን መጨመር ሳይሆን «ቤዝ» የተባለውን ቁልፍ ዝቅ ማድረግ፣ ስፒከሩን ወደ እሳቸው ማቅረብና በተቀመጡበት በጆሯቸው ቁመት ልክ ማድረግ ነው። ትዊተር የሚያወጣው ቀጭን ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ስፒከሩ መሬት ላይ ወይም ከሶፋ ኋላ ከተቀመጠ ቃሉ እግራቸው ጋ ይቀራል።

ለእንዲህ ዓይነቱ ዘፈን የሚስማማው ባለ 13 ወይም ባለ 16 ሳንቲሜትር ዉፈርና አንድ ትዊተር ያለው መጠነኛ የመደርደሪያ ስፒከር ነው። የእንግሊዝ ቢቢሲ መሐንዲሶች በ1970ዎቹ ከስቱዲዮ ውጭ ለሚሠሩ የስርጭት መኪናዎች አንድ ስፒከር ሠርተው ነበር። ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ሲሆን ዋና ሥራው የሚናገረው ሰው ድምፅ በትክክል መቀረጹን ለባለሙያው ማሰማት ነበር። ኤልኤስ 3/5ኤ ይባላል። በጠባብ ቦታ ለሰው ድምፅ የተሠራ በመሆኑ ድምፃውያንን ማዳመጥ የሚወዱ ሰዎች እስከ ዛሬ ይፈልጉታል። እርስዎ ያንኑ ይግዙ ማለቴ አይደለም፣ ዋጋው አይቀመስም። ነገር ግን ትንሽ ሣጥን ለቃል የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ማስረጃ ነው።

ክራርም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። በገና ግን የተለየ ነው። አሥሩ ክሮቹ ወፍራም ድምፅ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ክር ሥር ያለችው ቁራጭ ቆዳ የምታመጣው ንዝረት ደግሞ እስከ ቀጭኑ ድረስ ይወጣል። ስለዚህ በገና ወዳጅ ከሆኑ ሰፋ ያለ ዉፈርና ጥሩ ትዊተር አብረው ያስፈልጉዎታል። በትንሽ የብሉቱዝ ስፒከር የተሰማ በገና ንዝረቱ ብቻ ቀርቶ ዝንብ ይመስላል።

ለአሮጌ ሸክላና ካሴት

አምሃ እሸቴ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስና ሌሎቹ የአዲስ አበባ አሳታሚዎች እስከ 1970ዎቹ ያወጧቸው ባለ 45 ዙር ሸክላዎች ዛሬም ይደመጣሉ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም በፈረንሳይ አገር ፍራንሲስ ፋልሴቶ ባዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ሲዲ እንደገና ታትመው ዓለም ሰምቷቸዋል። በእነዚያ ቀረጻዎች ውስጥ የሚገነው የጥሩምባና የሳክስፎን ጓድ ነው። እጅግ ወፍራሙ ድምፅ በቀረጻውም በሸክላውም ላይ ብዙ የለም። እንግዲህ ለእነዚህ ብለው ሳብዉፈር ቢገዙ ሳብዉፈሩ የሚያወጣው ነገር አያገኝም። ጥሩምባ ግን በድንገት ከፍ የሚል መሣሪያ ስለሆነ በአንድ ዋት ብዙ ድምፅ የሚሰጠው፣ ማለትም 90 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የተጻፈበት ስፒከር ያኮራዋል። መለከት አፍ ያላቸው ስፒከሮች ለነሐስ መሣሪያዎች የሚወደዱት በዚሁ ምክንያት ነው።

ካሴትን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። በብዙ ቤት፣ ቤተሰብ ተለያይቶ በነበረበት ጊዜ እንደ ደብዳቤ ድምፅ ተቀድቶባቸው የተላኩ ካሴቶች፣ የቄሶች ጸሎትና የአያቶች ጨዋታ ያለባቸውም ጭምር፣ በጓዳ ተቀምጠዋል። የካሴት «ሽሽሽ» የሚለው ድምፅ በቀጭኑ በኩል ስለሚገኝ፣ ትዊተሩ ስል የሆነ ስፒከር ያጋንነዋል። ለእነዚህ ለስለስ ያለ፣ በመካከለኛው ድምፅ ጠንካራ የሆነ ስፒከር ይምረጡ፤ «ትሬብል» የሚለውንም ቁልፍ ትንሽ ይቀንሱ። ግን በጣም ከቀነሱት ሽሽታው ሲጠፋ ተነባቢዎቹም አብረው ይጠፋሉና ልክ ይኑርዎ።

ለከበሮ፣ ለሬጌና ለልጆቹ ሙዚቃ

አሁን ወደ ቤዝ እንምጣ። ቤዝ መጥፎ ነው አላልንም። ሬጌ ያለ ቤዝ ሬጌ አይደለም፤ ዜማውን ከዘፋኙ ጋር እኩል የሚሸከመው ቤዝ ጊታሩ ነው። ይህ ሙዚቃ ያደገው በጃማይካ፣ በኪንግስተን መንገዶች ላይ በሚደረደሩ ግዙፍ ስፒከሮች ፊት ነው። ኪንግ ተቢ የተባለው የደብ ሙዚቃ አባት ራሱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጠጋኝና የእንዲህ ዓይነት ስፒከሮች ባለቤት ነበር። አሳታሚዎቹም አዲስ ሙዚቃ ሲሠሩ አስቀድመው በእነዚያ ስፒከሮች በጭፈራ ቦታ ይሞክሩት ነበር። ስለዚህ ልጅዎ ሬጌ ወይም ሂፕ ሆፕ የሚያዳምጥ ከሆነ ሳብዉፈር መጠየቁ ቅብጠት አይደለም። በሂፕ ሆፕ ውስጥ እስከ ዛሬ የሚሰማው፣ በ1980 የወጣው የሮላንድ 808 የከበሮ ማሽን ዋና ምት 50 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ያንን ትንሽ ስፒከር ሊያወጣው አይችልም።

እዚህ ላይ ግን የሣጥኑ ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በፊቱ ወይም በጀርባው ቀዳዳ ያለው ሣጥንና ሙሉ በሙሉ የተዘጋ ሣጥን አለ። ባለ ቀዳዳው በቀዳዳው የሚወጣውን አየር ጭምር ስለሚጠቀም ከትንሽ ሣጥን ብዙ ቤዝ ያወጣል። ይሁን እንጂ ርካሽ ከሆነ ምቱ ካለቀ በኋላም ቤዙ ወዲያው አይቆምም፤ ቤዙ ሁሉ አንድ ዓይነት «ዱም» ይሆናል። የተዘጋው ቤዙ ያንሳል፣ ነገር ግን ቶሎ ይቆማል።

የእስክስታና የጉራጊኛ ምት ፈጣን ነው። ከበሮውም ሁለት ፊት አለው፤ ሰፊው ወፍራሙን፣ ጠባቡ ቀጭኑን ይመልሳል። አንዱ ምት ሳይቆም ሌላው ከመጣ ተደባልቆ ጭቃ ይሆናል፤ ትከሻም የሚከተለውን ያጣል። ስለዚህ ለባህል ጭፈራ የተዘጋ ሣጥን ወይም ጥሩ ሆኖ የተሠራ ባለ ቀዳዳ፣ ለሬጌና ለሂፕ ሆፕ ደግሞ ሰፊ ዉፈር ያለው ባለ ቀዳዳ ብዬ እመክራለሁ። ባለ ቀዳዳው ሣጥን አስቀድሞ በቤት ካለ ቀዳዳውን በስፖንጅ ወይም በካልሲ ደፍነው ይሞክሩት። ቤዙ ይቀንሳል፣ ምቱ ግን ይጠራል፤ ሲፈልጉ ያወጡታል። ምንም ወጪ የለውም።

ሁለቱንም የሚጠይቅ ሙዚቃም አለ። በ2002 የመጀመሪያ አልበሙ የወጣው የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት የአማርኛ ድምፆችን ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ያዋሐደ ነው። የዛሬዎቹ ወጣት ዘፋኞችም በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ለዚህ የሚሻለው ቃሉን በደንብ የሚያወጡ ሁለት የመደርደሪያ ስፒከሮችና ለብቻው የሚቀነስና የሚጨመር አንድ ሳብዉፈር ነው። ልጁ ሲያዳምጥ ይጨመራል፣ አያት ሲያዳምጡ ይዘጋል። በአንድ ቤት ሦስት ትውልድ ለሚኖርባቸው ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቤትዎም ስፒከር ነው

በሱቅ የሰሙት ድምፅ ቤት ሲገባ ይለወጣል። የእኛ ቤቶች ወለላቸው ባላታ፣ ግድግዳቸው ቤቶን ስለሆነ ድምፅ ይጋጭባቸውና ይመለሳል፤ ቃልም ያደበዝዛል። ከማናቸውም ስፒከር በፊት ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ቢገዙ ለውጡን ይሰሙታል።

ከሁሉም የከፋው ማማድ ነው። ብዙ ልጆች መኝታቸው ማማድ ውስጥ ስለሆነ ስፒከራቸውንም እዚያው ያኖራሉ። ክፍሉ ጠባብ፣ ወደ አራት ማዕዘን የቀረበና ሁሉም ጎኑ ቤቶን ነው። ሦስት ሜትር በሦስት ሜትር በሆነ ክፍል 57 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ያብጣል። ሳብዉፈሩ ደግሞ ጥግ ላይ ከተቀመጠ ጥጉ ራሱ ቤዙን ይጨምረዋል። ልጅዎ ሳብዉፈሩን ከጥግ አውጥቶ ከሥሩ ወፍራም ስፖንጅ ወይም ጎማ ያድርግበት። ወፍራም ድምፅ በግድግዳና በወለል በኩል ስለሚያልፍ ይህ ከታች ላለው ጎረቤትም ጥቅም አለው፤ እርሱ የሚሰማው ቃሉን ሳይሆን ዱም ዱሙን ብቻ ነውና።

በሠርግ አዳራሽ

አገር ቤት «ሞንታርቦ» የምንላቸው ትልልቅ ስፒከሮች በሠርግ ላይ አስፈላጊ ናቸው፤ በሳሎን ስፒከር አምስት መቶ ሰው ማስጨፈር አይቻልም። ስህተቱ አቀማመጡ ላይ ነው። ሁለቱ ሞንታርቦዎች መድረኩ ግራና ቀኝ በሰው ራስ ቁመት ይቆማሉ፤ የክብር ነው ተብሎም ሽማግሌዎቹና ወላጆቹ ከፊታቸው ይቀመጣሉ። በሜዳ ላይ ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። በ16 ሜትር ርቀት ያለው ጠረጴዛ 85 ዴሲቤል እንዲሰማ ከተደረገ፣ በ2 ሜትር ያለው 103 ይሰማል ማለት ነው። በአዳራሽ ውስጥ ድምፁ ስለሚመላለስ ልዩነቱ ይጠብባል እንጂ አይጠፋም።

በሥራ ቦታ የጆሮ ጤንነት ላይ በአሜሪካ የተሰጠው መመሪያ 85 ዴሲቤልን ለ8 ሰዓት ይፈቅዳል፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ሲደርስ 15 ደቂቃ ብቻ፣ 103 ሲደርስ ከ8 ደቂቃ በታች ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለሙዚቃ አዳራሾች ባወጣው መመሪያ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ አሳስቧል። ሠርጋችን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ እርስዎ ያውቃሉ። በማግስቱ ጆሮዎ ውስጥ «ጭው» የሚለው ድምፅ ድካም ብቻ አይደለም፤ ጆሮ መጎዳቱን የሚናገርበት መንገድ ነው። በእናት ጀርባ የታዘለ ሕፃን ደግሞ ጆሮውን በእጁ መያዝ አያውቅም።

ስለዚህ ከዲጄው ጋር ሲዋዋሉ ስለ ዘፈኑ ዝርዝር ብቻ አይነጋገሩ። ስፒከሮቹ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብለው ወደ ጭፈራው ቦታ እንዲያዩ፣ ለኋለኞቹ ጠረጴዛዎች ተጨማሪ ትንንሽ ስፒከሮች በዝቅተኛ ድምፅ እንዲቀመጡ፣ አዝማሪ ሲመጣም ሳብዉፈሩ እንዲዘጋ ይጠይቁ። የሽማግሌዎችን ጠረጴዛ ከመድረኩ ፊት ሳይሆን በጎን በኩል ራቅ አድርገው ያሰናዱ፤ መድረኩንም ያያሉ፣ እርስ በርሳቸውም ይነጋገራሉ።

ወደ ሱቅ ሲመለሱ

የሻጩን ዘፈን አያዳምጡ። እርሱ የሚከፍትልዎ ሣጥኑን የሚያሳምረውን ነው። በስልክዎ ሦስት የሚያውቋቸውን ዘፈኖች ይዘው ይሂዱ፦ አንድ ቃሉን በቃልዎ የሚያውቁት የማሲንቆ ወይም የክራር ዘፈን፣ አንድ ከበሮ ያለው ጭፈራ፣ አንድ ደግሞ በቤትዎ ልጆች የሚወዱት። የመጀመሪያውን በዝቅተኛ ድምፅ ያስከፍቱ። በዝቅተኛ ድምፅ ቃሉ ካልተለየ በከፍተኛው አይሻሻልም። ከዚያ በከበሮው ዘፈን ሁለቱ የከበሮ ፊቶች ተለይተው ይሰሙ እንደሆነ ያዳምጡ። ሁለት ስፒከር ሲያወዳድሩም ሁለቱ እኩል እንዲጮኹ ያስተካክሉ፤ ጆሮ ሁልጊዜ የጮኸውን የተሻለ አድርጎ ይቆጥረዋልና ሻጮች ይህን ያውቃሉ።

ከመክፈልዎ በፊትም ዕቃው አንድ ጊዜ ከኤሌክትሪክ ጋር ከተገናኘ በኋላ ሊመለስ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ። «ይቻላል» ካለዎት እስከ ስንት ቀን እንደሆነ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልዎ ያድርጉ፤ የሣጥኑንም ካርቶን እስከዚያ ቀን አይጣሉት።